«ዘ»ን የት እናስገባ፣ የት እንተው? በራሳችሁ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ደረጃ በደረጃ የምትሠሩት መመሪያ

እንግሊዝኛ ለዓመታት የተማሩ፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች እንኳ አንዲት ቃል ላይ ይሰናከላሉ። ጀማሪው «ዘ»ን ጭራሽ ይረሳታል። መምህሩ ደጋግሞ ሲያርመው ደግሞ ይደነግጥና ያገኘው ስም ላይ ሁሉ ይለጥፋታል። ሁለቱም ነጥብ ያስቀንሳሉ።

የሰዋስው መጽሐፉ «የታወቀ ነገር ከሆነ ዘ ይገባል» ብሎ ያልፋል። ለማን የታወቀ? ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለጸሐፊው ሁሉም ነገር የታወቀ ነው፤ ስለሚያውቀው እኮ ነው የሚጽፈው። «ዘ» የምትገባው አንባቢው ወይም ሰሚው «የትኛው?» ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ ሲችል ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ጥሩ መሣሪያ በእጃችሁ አለ፦ አማርኛችሁ። ብዙውን መንገድ ይወስዳችኋል። የሚያሳስትባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው፣ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

ምሳሌዎቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። «ዘ» ስል በቲ፣ ኤች፣ ኢ የምትጻፈዋን ማለቴ ነው። አንዳንድ ቦታ «ዚ» ብዬ የጻፍኳትም ያችው ናት፤ ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። «ኤ» እና «አን» ደግሞ ያልታወቀ አንድ ነገርን የሚያመለክቱት ናቸው። ስታነቡ ምሳሌዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ደብተራችሁ ላይ ገልብጧቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ራሳችሁ የጻፋችሁት አንቀጽ ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር ያህል ይበቃል። ኢሜይል ሊሆን ይችላል፣ የፈተና ልምምድ ሊሆን ይችላል። «ክፍት ቦታውን ሙሉ» የሚል መልመጃ አትጠቀሙ። እዚያ ላይ ክፍት ቦታው ተሰምሮ ተሰጥቷችኋል። የእናንተ ችግር ግን ክፍት ቦታ መኖሩን አለማየት ነው። ለዚህ ነው መልመጃውን በሙሉ አግኝቶ ኢሜይሉ ላይ የሚወድቅ ሰው የሚበዛው።

ሁለተኛው ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው እስክርቢቶ ነው። ስልክ ላይ ከሆነ ማድመቂያ ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ነው። እንደ ካምብሪጅ ያለው ከስሙ አጠገብ «ሲ» ወይም «ዩ» የሚል ፊደል ያስቀምጣል። «ሲ» የሚቆጠር ነው፣ «ዩ» የማይቆጠር። ደረጃ 5 ላይ ያለዚህ መሥራት አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ የጋዜጣ ርዕስ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የጽሑፍ መልእክትና የመንገድ ላይ ምልክት አርአያ አይሁኗችሁ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል «ዘ» ከእነዚህ ላይ ሆን ተብላ ትወጣለች። «ጋቨርንመንት ሬይዝስ ታክስ» የሚል ርዕስ ስታዩ ከሥሩ ያለውን ዜና አንብቡ፤ እዚያ «ዘ ጋቨርንመንት» ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስሞቹን ሁሉ ክበቡ

አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ሂዱበትና እያንዳንዱን ስም ክበቡ። ቅጽል ከፊቱ ካለ አብራችሁ ክበቡ፤ «ቢግ ሬድ ካር» አንድ ክብ ነው። አሁን ምንም አታርሙ። እየከበቡ ማረም ዓይንን ያሳውራል።

ከ«ኢን»፣ ከ«አት»፣ ከ«ቱ»፣ ከ«ኦፍ» ቀጥሎ የሚመጡትን ሁለቴ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ወንበሩ ተይዞ ከሆነ እለፉ

ከእያንዳንዱ ስም ፊት አንድ ወንበር ብቻ አለ። «ማይ»፣ «ዩር»፣ «ሂዝ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ኤቭሪ»፣ «ኢች»፣ «ኤኒ»፣ «ሰም»፣ «ኖ» ከተቀመጡበት «ዘ» መቀመጫ የላትም። የሰው ስም ከባለቤትነት ምልክት ጋር ሲመጣም እንዲሁ ነው፦ «አበበስ ካር»፣ በቃ። «ዘ ማይ ካር» የሚባል ነገር የለም።

«ዘ ቲቸርስ ካር» ግን ትክክል ነው። እዚያ ላይ «ዘ» የመኪናው አይደለችም፣ የመምህሩ ናት። የመምህሩ መኪና።

አሁን ወደ መጀመሪያው የአማርኛ ወጥመድ እንግባ። እነዚህን ቃላት ተመልከቱ፦ አብዛኛው፣ እያንዳንዱ፣ አንዳንዱ፣ ማንኛውም፣ ሁለቱም። ሁሉም በውስጣቸው የእኛን «ው» ወይም «ኡ» ይዘዋል። ጆሯችን ያንን ይሰማና እንግሊዝኛው ላይ «ዘ» ይጨምራል።

«አብዛኛው ሰው» ማለት «ሞስት ፒፕል» ነው፤ «ዘ ሞስት ፒፕል» አይደለም።
«እያንዳንዱ ተማሪ» «ኤቭሪ ስቱደንት» ነው።
«ሁለቱም ልጆች» «ቦዝ ችልድረን» ነው።

«ባለፈው ሳምንት» እና «በሚቀጥለው ዓመት»ም ያው ጣጣ አላቸው። በአማርኛ «ው» አለባቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን ከዛሬ ተነስተን ስንቆጥር «ላስት ዊክ» እና «ኔክስት ዪር» ብቻ ናቸው። ከፊታቸው «ኢን»ም «ኦን»ም አይገባም። «ኦን ዘ ላስት ዊክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በጣም ብዙ ነው።

ከዚህ ደረጃ ላይ ምንም ብታስታውሱ ወይም ባታስታውሱ «ሞስት ፒፕል»ን አትርሱ። ድርሰት ላይ በየገጹ ትመጣለች።

ደረጃ 3፦ «የትኛው?» ብላችሁ በአንባቢው ቦታ ጠይቁ

ወንበሩ ባዶ የሆነባቸውን ስሞች ያዙ። እያንዳንዱ ላይ ቆም በሉና አንባቢው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የሚያውቅባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

ሀ. አሁን ስለነገራችሁት። «አይ ቦት ኤ ካር። ዘ ካር ኢዝ ኦልድ።» ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ለ. የጠቀሳችሁት ነገር ሌላውን ይዞት ስለሚመጣ። ሰርግ ካነሳችሁ ሙሽራዋ አለች፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠሯትም «ዘ ብራይድ» ናት። ቤት ካነሳችሁ «ዘ ኪችን»፣ ሚኒባስ ካነሳችሁ «ዘ ድራይቨር»። «መጀመሪያ ሲጠራ ኤ፣ ሁለተኛ ሲጠራ ዘ» የምትለዋን ሕግ ብቻ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሠርጉ ላይ «ኤ ብራይድ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢው ስንት ሙሽራ እንደነበረ ግራ ይገባዋል።

ሐ. ከስሙ ኋላ የሚመጣው ሐረግ ስለሚለየው። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት የስተርዴይ»፣ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ።

መ. በቦታው ወይም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ። ቤት ውስጥ ሆናችሁ «ክሎዝ ዘ ዶር» ስትሉ ማንም «የትኛውን በር?» አይላችሁም።

እዚህ ላይ ነው አማርኛችሁ የሚያገለግላችሁ። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉት። ስሙ ወይም ቅጽሉ «ው»፣ «ኡ»፣ «ዋ»፣ «ቷ» ካወጣ ብዙ ጊዜ «ዘ» ትገባለች። ተሳቢ ከሆነ ደግሞ «ን» ይጨምራል፤ ይህ ምልክቱን የበለጠ ያጎላዋል።

«መጽሐፍ ገዛሁ» ካላችሁ «አይ ቦት ኤ ቡክ»።
«መጽሐፉን ገዛሁት» ካላችሁ «አይ ቦት ዘ ቡክ»።

ለ«ሐ»ም ይሠራል። «ቡና የሚሸጥ ልጅ አየሁ» ብትሉ «ኤ ቦይ ሁ ሴልስ ኮፊ» ነው። «ቡና የሚሸጠውን ልጅ አየሁት» ብትሉ «ዘ ቦይ ሁ ሴልስ ኮፊ» ነው። ስለዚህ ከስሙ ኋላ ሐረግ ስለተከተለ ብቻ «ዘ» አትለጥፉ። «የሚሸጥ» ነው ወይስ «የሚሸጠው» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ልዩነት ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሳትሳሳቱ ስትጠቀሙበት ኖራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቤቱን ሸጠ» ሁለት ትርጉም አለው። የምናውቀውን ቤት ሸጠ፣ ወይም የራሱን ቤት ሸጠ። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ምልክት ይጠራል፣ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። «የእሱን» ብላችሁ ብትጨምሩ ትርጉሙ ካልተበላሸ «ሂዝ ሃውስ» ብላችሁ ጻፉ። በተለይ የሰውነት ክፍልና ዘመድ ላይ ተጠንቀቁ። «እጁን ታጠበ» «ሂ ዎሽድ ሂዝ ሃንድስ» ነው። «ዘ ሃንድስ» ካላችሁ የማን እጅ እንደሆነ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 4፦ አማርኛው ዝም ያለበትን ቦታ ፈትሹ

በአማርኛ ምንም ምልክት ሳይኖር በእንግሊዝኛ «ዘ» ግዴታ የምትሆንባቸው ቦታዎች አሉ። ደረጃ 3 ላይ «ዘ» ያላገኙትን ስሞች በእነዚህ አጣሩ።

ብቸኛ ነገሮች። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፣ ያለ ምንም ጭማሪ። እንግሊዝኛው «ዘ ሰን» ነው። ጨረቃ፣ ሰማይና ዓለምም እንዲሁ።

የመንግሥት አካላት። «መንግሥት ዋጋ ጨመረ»፣ «ፖሊስ መጣ»። በእንግሊዝኛ «ዘ ጋቨርንመንት»፣ «ዘ ፖሊስ»። «ዘ ፖሊስ» ላይ ግሡ ብዙ ቁጥር ነው፦ «ዘ ፖሊስ አር ሂር»።

በ«የ» የሚያያዙ ስሞች። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እዚህ ነው። «አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ናት» ስንል «ው» የለም፣ «ዋ» የለም። ስለዚህ ተማሪው «ኢዝ ካፒታል ኦፍ ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፋል። ዋና ከተማዋ አንድ ናት፤ «ኢዝ ዘ ካፒታል ኦፍ ኢትዮጵያ» መሆን አለበት። «ኦፍ» ባያችሁ ቁጥር ከፊቱ ያለውን ስም ፈትሹ። ግን «ኦፍ» ስላለ ብቻ ደግሞ አይደለም። ከብዙ አንዱ ከሆነ «ኤ» ይገባል፦ «ኤ ሜምበር ኦፍ ዘ ኮሚቴ»፣ ከኮሚቴው አባላት አንዱ።

አይኤልትስ የምትፈተኑ ሰዎች ግራፍ ስትገልጹ ይህችን ያዙ፦ «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» የተማሪዎች ቁጥር ማለት ነው፣ ግሡ ነጠላ ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» በርከት ያሉ ተማሪዎች ማለት ነው፣ ግሡ ብዙ ነው። በአንዲት ቃል ትርጉሙም ግሡም ይገለበጣል።

ደረጃና ማበላለጥ። «ዘ ፈርስት»፣ «ዘ ቤስት»፣ «ዘ ኦንሊ»፣ «ዘ ሴም»። «ሴም» ላይ «ኤ» ፈጽሞ አይገባም። «አንደኛ ወጣች» ስትሉ ግን «ሺ ኬም ፈርስት» ነው፣ ያለ «ዘ»፤ ከኋላው ስም የለማ።

ጊዜ። «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ኢን ዚ ኢቭኒንግ»፣ ግን «አት ናይት»። ዓመተ ምሕረት ብቻውን ሲሆን ባዶ፣ «በ1990ዎቹ» ሲሆን ወይም «በ20ኛው ክፍለ ዘመን» ሲሆን «ዘ» ይገባል።

ዕለታዊ ቦታዎች። «ገበያ ሄድኩ»፣ «ባንክ ሄድኩ» እንላለን። በእንግሊዝኛ የትኛው ባንክ እንደሆነ ባይታወቅም «ዘ ማርኬት»፣ «ዘ ባንክ»፣ «ዘ ፖስት ኦፊስ» ይባላል። ለምን ብላችሁ አትጨነቁ፣ እንዲሁ ያዙት።

ደረጃ 5፦ «ዘ» ካልገባች ምን ይግባ?

እስካሁን «ዘ» ያላገኙት ስሞች ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ የሚቆጠር ነው? መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ።

የሚቆጠርና ነጠላ ከሆነ «ኤ» ወይም «አን» አስገቡ። የሚቆጠር ነጠላ ስም በእንግሊዝኛ ራቁቱን አይቆምም። ይህን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። «አይ አም ቲቸር» ስህተት ነው፤ «አይ አም ኤ ቲቸር»። «አይ ሎስት ፎን»ም ስህተት ነው፤ የራሳችሁ ከሆነ «ማይ ፎን»።

ብዙ ቁጥር ከሆነ ወይም የማይቆጠር ከሆነ ባዶውን ተዉት። «ውሻ ታማኝ ነው» በእንግሊዝኛ «ዶግስ አር ሎያል» ነው። አማርኛው ነጠላ ነው፣ እንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ይወዳል።

«ሕይወት ከባድ ነው» ደግሞ «ላይፍ ኢዝ ሃርድ»። አሁን ያ የደነገጠው ተማሪ የሚመጣው እዚህ ነው፦ «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ»፣ «ዚ ኤጁኬሽን ኢዝ ኢምፖርታንት»፣ «ዘ ሶሳይቲ መስት ቼንጅ»። ሦስቱም ላይ «ዘ» ትውጣ። በአማርኛ «ሕይወቱ ከባድ ነው» ልትሉ አልፈለጋችሁም፤ ሕይወትን በጠቅላላው ነው ያላችሁት። ጆሯችሁ ልክ ነበር፣ ፍርሃት ነው ያሳሳታችሁ።

ወሰን ሲበጅለት ግን ትመለሳለች። «ዘ ላይፍ ኦፍ ኤ ፋርመር»፣ የአንድ ገበሬ ሕይወት።

ድርሰት ላይ የሚያምታቱ ጥንዶች አሉ። «ኔቸር» ያለ «ዘ» ነው፣ «ዚ ኢንቫይሮንመንት» ግን ከ«ዘ» ጋር። «ቴክኖሎጂ» ያለ፣ «ዚ ኢንተርኔት» ከነ። «ኦን ቲቪ» ያለ፣ «ኦን ዘ ሬዲዮ» ከነ። ሕግ አትፈልጉላቸው። በቃል ያዙ።

ደረጃ 6፦ የተጸውዖ ስሞችን ለብቻ አውጡ

የአማርኛው ፈተና እዚህ አይሠራም። «አበበን አየሁት» ላይ «ን» አለ፣ በእንግሊዝኛ ግን የሰው ስም «ዘ» አይወስድም። ስለዚህ ስሞቹን በዓይነት ለዩ።

ከ«ዘ» ጋር የሚሄዱ፦ ወንዞች፣ ባሕሮች፣ ውቅያኖሶች፣ በረሃዎች፣ የተራራ ሰንሰለቶች፣ የደሴት ስብስቦች። ዘ ናይል፣ ዚ አዋሽ፣ ዘ ሬድ ሲ፣ ዘ ሲሚየን ማውንቴንስ። «ዘ ሆርን ኦፍ አፍሪካ» እና «ዘ ሚድል ኢስት»ም እዚህ ይገባሉ።

ያለ «ዘ» የሚሄዱ፦ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ተራራ፣ ከተማ፣ አህጉር፣ መንገድ። ሌክ ታና፣ ራስ ዳሽን፣ ማውንት ኤቨረስት፣ ቦሌ ሮድ። ከከተማ «ዘ ሄግ» ብቻ አስታውሱ፤ ስሟ ራሱ በ«ዘ» ይጀምራል።

አገሮች ብዙዎቹ ያለ «ዘ» ናቸው። ስሙ ውስጥ «ዩናይትድ»፣ «ኪንግደም»፣ «ሪፐብሊክ» ካለ ወይም ብዙ ቁጥር ከሆነ ግን ይገባል። «ኢን ሳውዲ አረቢያ»፣ «ኢን ኩዌት» ትላላችሁ፤ ዱባይ ያለችበትን አገር ስትጠሩ ግን «ኢን ዘ ዩናይትድ አረብ ኤሚሬትስ»። «ኢን አሜሪካ» ግን «ኢን ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»። ዘ ኔዘርላንድስ፣ ዘ ፊሊፒንስ። ጋምቢያ በራሷ መንገድ «ዘ ጋምቢያ» ናት። አገራችን «ኢትዮጵያ» ስትባል ባዶ ናት፤ ሙሉ ስሟ ሲጠራ «ዘ ፌደራል ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ ላይ «ኦፍ»ን ፈልጉ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ያለ «ዘ»፣ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ከ«ዘ» ጋር። የሥራ ማመልከቻና ሲቪ ላይ ይህ በጣም ይታያል። ሆቴሎች «ዘ» ይወዳሉ፦ ዘ ሂልተን፣ ዘ ሸራተን።

አጽሕሮተ ቃል ከሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ፊደል በፊደል የሚነበብ ድርጅት ብዙ ጊዜ «ዘ» ይወስዳል፦ ዘ ዩኤን፣ ዚ ኤዩ፣ ዘ ቢቢሲ። እንደ ቃል የሚነበብ አይወስድም፦ ዩኔስኮ፣ ዩኒሴፍ፣ ኢጋድ፣ ፊፋ። «ሲኤንኤን» አመለኛ ነው፤ ፊደል በፊደል ይነበባል፣ «ዘ» ግን አይወስድም።

አሜሪካ ሆናችሁ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ፦ ዘ ፕሬዚደንት፣ ዘ ሴኔት፣ ዘ ሱፕሪም ኮርት፣ ዘ ኮንስቲትዩሽን ትላላችሁ። «ኮንግረስ» ግን ብቻውን ነው። «ፕሬዚደንት ሊንከን» ሲባልም ስሙ ስለተከተለ «ዘ» ትቀራለች።

ደረጃ 7፦ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን

እነዚህ ቦታዎች በሄዳችሁበት ምክንያት ይለያያሉ። ልጅ ለመማር ሲሄድ «ጎ ቱ ስኩል»። እናት ከመምህሩ ጋር ለመነጋገር ወደዚያው ግቢ ስትሄድ «ጎ ቱ ዘ ስኩል»። ለጸሎት «ጎ ቱ ቸርች»፣ ጣሪያውን ለማደስ የመጣው አናጢ «ጎ ቱ ዘ ቸርች»። እስረኛው «ኢን ፕሪዝን»፣ ጠያቂው «አት ዘ ፕሪዝን»።

ሐኪም ቤት ላይ አገርም ይለያያል። ለተኛ በሽተኛ እንግሊዞች «ኢን ሆስፒታል» ይላሉ፣ አሜሪካኖች «ኢን ዘ ሆስፒታል»። የምትኖሩበትን ያዙ፤ አንድ ጽሑፍ ላይ ግን አትቀላቅሉ።

«ሆም» ቦታ ሲሆን ምንም አይወስድም፦ «ጎ ሆም»። ምግብ ያለ «ዘ» ነው፦ «ሃቭ ላንች»። ስፖርት ያለ፦ «ፕሌይ ፉትቦል»። የሙዚቃ መሣሪያ ከ«ዘ» ጋር፦ «ፕሌይ ዘ ክራር»። መጓጓዣ በ«ባይ» ሲሆን ያለ፦ «ባይ ባስ»።

ደረጃ 8፦ ቦታዋና ድምፅዋ

በአማርኛ ምልክቱ ይዘላል። «መኪናው» የነበረው ቅጽል ሲመጣ «ትልቁ መኪና» ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ዘ» ከሁሉም ፊት ትቆማለች፤ ቁጥርና ቅጽል ከኋላዋ ናቸው። «ዘ ስሪ ቢግ ካርስ»። ከእሷ የሚቀድሙት «ኦል»፣ «ሃፍ» እና «ቦዝ» ናቸው፦ «ኦል ዘ ችልድረን»።

ስትናገሩ ከአናባቢ ድምፅ በፊት «ዚ» በሉ፣ ከሌላው በፊት «ዘ»። ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ተከተሉ። «አወር» በኤች ይጻፋል፣ ግን ኤች አትሰማም፤ «ዚ አወር»። «ዩኒቨርሲቲ» በአናባቢ ይጻፋል፣ ሲጠራ ግን «ዩ» ብሎ ይጀምራል፤ «ዘ ዩኒቨርሲቲ»። «ኤ» እና «አን»ም በዚሁ መንገድ ይለያሉ።

አንድ አንቀጽ አብረን እንሥራ

አማርኛው፦ «ትናንት ጠዋት ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሂሳቡን ሲጠይቀኝ ኪሴን ፈተሽኩ፤ ቦርሳዬ የለም። ሾፌሩ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሂሳቡን ከፈለችልኝ። አብዛኛው ሰው ደግ ነው።»

እንግሊዝኛው፦ «የስተርዴይ ሞርኒንግ አይ ቱክ ኤ ሚኒባስ ፍሮም መገናኛ ቱ ቦሌ። ዌን ዘ ኮንዳክተር አስክድ ፎር ዘ ፌር፣ አይ ቼክድ ማይ ፖኬት፤ ማይ ዋሌት ዎዝ ጎን። ዘ ድራይቨር ላፍድ። ዘ ውማን ሲቲንግ ኔክስት ቱ ሚ ፔይድ ዘ ፌር። ሞስት ፒፕል አር ካይንድ።»

«ሚኒባስ» ለአንባቢው አዲስ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ይቆጠራል፤ «ኤ»። መገናኛና ቦሌ የቦታ ስሞች ናቸው። ረዳቱና ሾፌሩ ከዚህ በፊት አልተጠሩም፤ ግን ሚኒባስ ካለ እነሱ አሉ። ሂሳቡም ከጉዞው ጋር የመጣ ነው። ኪሱና ቦርሳው ላይ ወንበሩ በ«ማይ» ተይዟል። ሴትየዋን አንባቢው አያውቃትም፣ ግን «አጠገቤ የተቀመጠችው» ብለን ለየናት፤ «የተቀመጠች» ብንል «ኤ ውማን» ይሆን ነበር። መጨረሻ ላይ «አብዛኛው» ወጥመዷን ዘርግታለች፤ «ሞስት ፒፕል» ብለን አለፍናት። «ሞርኒንግ» ላይ ደግሞ «የስተርዴይ» ስለቀደመ «ኢን ዘ»ም አላስፈለገም።

አሁን በራሳችሁ አንቀጽ ላይ እንዲሁ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ክብ ምክንያቱን በጠርዙ ላይ በአማርኛ ጻፉ፦ «ተጠርቷል»፣ «ይዞት መጣ»፣ «ሐረግ ለየው»፣ «አንድ ብቻ ነው»፣ «በጠቅላላው»። ምክንያት ያልተገኘለት «ዘ» ይውጣ።

ነገር ሲበላሽ

ለሁለት ተከፍላችሁ መወሰን ካቃታችሁ፦ ስሙን ብዙ ቁጥር አድርጉት። «ስቱደንትስ ኒድ ቡክስ» ስትሉ «ዘ»ም «ኤ»ም አያስፈልግም። ይህ ስለ አንድ የታወቀ ነገር ስትናገሩ አያገለግልም፤ ለጠቅላላ ሐሳብ ግን ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ገጹ በ«ዘ» ከተጥለቀለቀ፦ ከብዙ ቁጥርና ከማይቆጠሩ ስሞች ጀምራችሁ አውጡ። ትርፎቹ ባብዛኛው እነሱ ላይ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ «ዘ ጨምር» ካላችሁ፦ ወዲያው አትቀበሉ። ራቁቱን የቆመ ነጠላ ስም ሲያሳያችሁ እመኑት። «ኤ»ን በ«ዘ» ለውጥ ሲል ግን ራሳችሁ ወስኑ። አንባቢያችሁ ምን እንደሚያውቅ ፕሮግራሙ በምን ያውቃል?

ስትናገሩ ካመለጠቻችሁ፦ አትመለሱ። ዓረፍተ ነገር አቋርጦ «ዘ»ን ለማስገባት መመለስ ከስህተቱ በላይ ይታወቃል። ቀጥሉ።

በቃል የያዛችሁት ሁሉ ከጠፋባችሁ፦ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር አጥኑ። ደብተራችሁ ላይ «ሞርኒንግ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብላችሁ ጻፉ።

ፈተና ላይ ሆናችሁ ጥቂት ደቂቃ ከቀረ፦ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። መጀመሪያ ራቁታቸውን የቆሙ ነጠላ ስሞችን አልብሱ። ቀጥሎ «ኦፍ» ያለበትን እያሯሯጣችሁ ከፊቱ ያለውን ፈትሹ። ከዚያ «ሞስት» የሚለውን ፈልጉና ከኋላው ቅጽል ሳይኖር በቀጥታ ስም ከተከተለውና «አብዛኛው» ማለታችሁ ከሆነ፣ ከፊቱ የለጠፋችሁትን «ዘ» ሰርዙ። ጊዜ ከተረፈ የድርሰቱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ «ዘ ላይፍ» ወይም «ዘ ሶሳይቲ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ከኋላው «ኦፍ» መኖሩን እዩ። ከሌለ «ዘ»ን አጥፉና ወረቀቱን አስረክቡ።